ከጎጀብ ማዶ የመጣችው አኮ

ደብዳቤው ስምንት ገጽ ነበር። ለዓምዱ እንዲመች አሳጥሬዋለሁ፤ ሐሳቡን ግን አልነካሁም።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ጅማ ሄርማታ ነው። ዕድሜዬ 42 ነው፤ በሒሳብ ሠራተኛነት እተዳደራለሁ። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ቤተሰባችን፣ ስለ ሰፈራችን፣ አንዳንዴም ስለ ፖለቲካው የሚሰማኝን ማታ ማታ በደብተር እጽፋለሁ። ባለቤቴ ‹ሌላው ተዝካር በድግስ ያወጣል፣ አንተ በእስክሪብቶ› እያለች ትስቅብኛለች።

የአባቴ አባት ከሸዋ የመጡት በ1925 ዓ.ም. ገደማ ነው። እናቴ የጅሬን ልጅ፣ ኦሮሞና ሙስሊም ናት። ሃይማኖቷን አልለወጠችም፤ ቤታችን ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላዋ ነበረው። በዚህ የተጣላ ሰው አይቼ አላውቅም። በአባቴ ሙት ዓመት ላይ ግን አክስቴ፣ ማለትም የአባቴ እህት፣ ‹አባቴ ጫካ መንጥሮ ያለማውን የቡና መሬት ደርግ ወረሰው› ስትል፣ የእናቴ ወንድም ‹ከመመንጠሩ በፊትስ የማን ነበር?› አላት። ከዚያ ‹ነፍጠኛ›፣ ‹ውለታ ቢስ› ተባብለው ተለያዩ። እስካሁን አይነጋገሩም።

ደብተሬ ላይ የማንን ልጻፍ? አጎቴ ‹የመሬቱን ጉዳይ በደንብ ጻፍ፤ የእናትህን ቤት ግን አትቆፍር› ብሎኛል። እናቴን ስለ አያቷ፣ እሷ በኦሮምኛ ‹አኮ› (አያቴ) ስለምትላቸው ሴት ስጠይቃት ‹ከጎጀብ ወንዝ ማዶ ነው የመጣችው› ትልና ‹ቡናው በረደ› ብላ ትነሳለች። የ12 ዓመት ልጄ ደግሞ ‹አባዬ፣ እኛ ምንድን ነን?› ይለኛል። ነገሩን እርግፍ አድርጌ ልተወው ይሆን? — ባለ ደብተሩ፣ ከሄርማታ»

ወንድሜ፣ አትተወው። ለባለቤትህም ቀልዷን እንደ ወደድኩላት ንገርልኝ።

ከጠቡ ልጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነውና። እንዲህ ያለ ክርክር የተነሣባቸው ሦስት ድንኳኖች ውስጥ ተቀምጬ አውቃለሁ። በሦስቱም ተከራካሪዎቹ የተናገሩት አብዛኛው ነገር እውነት ነበር። የተለያየ ዘመን እያነሡ አንዱ የሌላውን አፍ ለመዝጋት ስለሚጠቀሙበት ነው ውሸት የሚመስለው። የአንተን ቤተሰብ ተመልከት። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ዳግማዊ ለምኒልክ በጊዜ ገብረው አገራቸውን ከጦር አተረፉ፤ ግብር እየከፈለች በራሷ ሰዎች የምትተዳደር አገር ሆና ቆየች። ይህ ያበቃው በ1924 ዓ.ም. ነው፤ አስተዳደሩ ወደ አዲስ አበባ እጅ ገባ፣ ሹማምንቱም ከሸዋ መጡ። አያትህ የመጡት ደግሞ በ1925 ገደማ ነው ብለሃል። እንግዲህ አጎትህ ታሪክ አልፈበረከም። የመጡበትን ዓመት የጻፍክልኝ አንተ ራስህ ነህ።

አክስትህም አልዋሸችም። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሆነበት አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። አክስትህ ያኔ ልጃገረድ ብትሆን ነው፤ አባቷ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ሲቀሩ አይታለች። ያየችውን አታይ ልትላት አትችልም። ‹አባቴ መነጠረ› ስትልህ ግን አንዲት ጥያቄ በትሕትና ጣል አድርግላት፦ ገጀራውን የያዘው ማን ነበር? አያትህ ብቻቸውን ደን የመነጠሩ አይመስለኝም። ጭሰኛ ነበራቸው ይሆናል፤ ጭሰኛውም ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ያስረክብ ነበር። የዚያ ሰው ልጆች ዛሬም ጅማ ዙሪያ ይኖሩ ይሆናል፤ እነሱም በየቤታቸው የራሳቸውን ወሬ ያወራሉ።

አንተ የሒሳብ ሰው ነህ። ገቢና ወጪው ካልታረቀ እንቅልፍ እንደማይወስድህ እገምታለሁ። ይህን መዝገብ ግን አታስታርቀው። የአክስትህን በአክስትህ ስም፣ የአጎትህን በአጎትህ ስም፣ እያንዳንዱን ከነዓመተ ምሕረቱ ጻፈውና ገጹን ገልብጥ። ድምሩን ለማውጣት አትቸኩል።

ይህን የምልህ ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። እኔ ያደግሁት ፈረንጅ አራዳ ሰፈር፣ ከተወረሱት ቤቶች በአንዱ ውስጥ ነው። ኪራዩ ከመቶ ብር በታች ስለነበር የቀበሌ ቤት ሆነ፤ አባቴ በየወሩ ይከፍልና ሐምራዊ ማኅተም ያረፈበትን ካርኒ በምስማር ላይ ይሰካው ነበር። ኪራዩ የቀነሰ ጊዜ የገዛልኝን ጫማ ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ቡናማ፣ ማሰሪያው አጭር። የቤቱ የቀድሞ ባለቤት አሮጊት ነበሩ፤ ከመንገዱ ማዶ፣ በተረፈቻቸው አንድ ቤት ይኖሩ ነበር። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በራችንን ያንኳኩና በቀጥታ ወደ ጓሮ ያልፋሉ። እዚያ የተከሉት ሎሚ ነበር። ደረቅ ደረቁን ቅርንጫፍ በእጃቸው እየሰበሩ ያነሡለታል፣ ሥሩን ይኮተኩቱለታል፤ አንድም ፍሬ አይወስዱም። እናቴ ቡና ታቀርብላቸዋለች። ስለ ቤቱ አንድ ቀን እንኳን አልተነጋገሩም። አባቴ ግን እሳቸው በገቡ ቁጥር መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ይዘጋ ነበር። ልጅ ሆኜ እንቅልፍ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ግቢ ውስጥ በደለኛው ማን ነው ብትለኝ አልመልስልህም። ጫማዬን ወድጄው ነበር፤ አሮጊቷንም እወዳቸው ነበር።

እንዲህ ያለውን ነገር ነው ደብተርህ ላይ ማየት የምፈልገው። ፖለቲካውን አትጻፍ አልልህም፤ ጻፍ እንጂ። ብቻ ከላከልኸኝ ገጾች በሦስቱ ላይ ያለው አስተያየት ምሽት ላይ በቴሌቪዥን የምንሰማው ነው። ሁለት ቢላዋ ስለነበረው ቤታችሁ የጻፍከው ግን አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፤ እሱን ነው ደጋግሜ ያነበብኩት። ቢላዋዎቹ በምን ይለዩ ነበር? እጀታቸው ላይ ምልክት ነበራቸው? የተሳሳተውን አንሥተህ ተቆጥተህ ታውቃለህ? አባትህ ለአረፋ ምን ይገዛ ነበር? እናትህስ ለፋሲካ ዶሮውን ማን ይባርክላት ነበር?

ዓመተ ምሕረት እንደሚያስቸግርህም ጽፈሃል፤ ሽማግሌዎቹ «ያኔ» እንጂ ቁጥር አይነግሩህም። የጅማ ሰው ዘመኑን በቡና ይቆጥራልና በዚያው መንገድ ግባ። «የቡናው ፍሬ ዛፉ ላይ ሳለ የጠቆረበት ዓመት» ካሉህ የቡና ፍሬ በሽታ የገባበት ጊዜ ነው፤ 1963 ዓ.ም. ግድም ይሆናል። ከዚያ በኋላ በሽታውን የሚቋቋሙ ቡናዎች ተመረጡ፤ ጅማ አጠገብ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል ችግኝ አድርጎ ያወጣቸውና ዛሬ ገበሬው «74110»፣ «74112» እያለ የሚጠራቸው ናቸው። ያ «74» የተመረጡበት የፈረንጅ ዓመት ነው። የልደት ዓመቱን ግንባሩ ላይ ጽፎ የቆመ ዛፍ ሌላ የት አለ? እኔ የአንዲት ዘመዴን ዕድሜ ያወቅሁት በዚህ ነው፦ «ያ ቁጥሩ ቡና መጀመሪያ ፍሬ ሲሰጥ ሦስተኛዋን ልጄን አርግዤ ነበር» አለችኝ። መታወቂያዋ ላይ ያለው በሰባት ዓመት የተሳሳተ ሆኖ ተገኘ፤ ቀንሶላት ስለነበር ግን እንዲስተካከል አልፈለገችም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ስምንት ገጽ ሙሉ ስለ መሬት ጽፈህ ለአኮ የሰጠሃት ሁለት መስመር ነው። እኔ ደግሞ ደብዳቤህን ካነበብኩ ጀምሮ የማስበው ስለ እሷ ብቻ ነው።

ጎጀብን ተሻግረህ የምታገኘው ከፋ ነው። በ1889 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ከፋ ላይ ሲዘምት የጅማው አባ ጅፋር ጦርም አብሮ ዘምቷል። ጦርነቱ ከባድ ነበር፤ ብዙ ሰውም ተማረከ። ከዚያ በፊትም ቢሆን በዚያ መንገድ ሰው እየተነዳ ይመጣ ነበር። የሚመጣውም አንተ ዛሬ የምትኖርበት ሰፈር ነው። ጣሊያን ከተማውን በዙሪያው ሳይሠራበት በፊት ሄርማታ ማለት ገበያ ነበር፤ ሐሙስ ሐሙስ የሚቆም፣ ከሩቅ አገር ነጋዴ የሚጎርፍበት ትልቅ ገበያ። ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና አሞሌ ጨው ይሸጥበት ነበር። ሰውም ይሸጥበት ነበር። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ እናትህ ከመወለዷ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ማለት ነው፣ ዕድሜዋን 76 ካልከኝ።

አኮ እንዲህ ነው የመጣችው አላልኩህም። ሙሽራ ሆና መጥታ ሊሆን ይችላል፤ ከነጋዴ አባቷ ጋር መጥታ እዚሁ ቀርታም ይሆናል። ጎጀብን የተሻገረ ሁሉ በገመድ ታስሮ አልተሻገረም። ስለዚህ እናትህ ካልነገረችህ በቀር በደብተርህ ላይ አንዲት ቃል ግምት እንዳትጽፍ። ግምት በቀለም ሲጻፍ በአንድ ትውልድ ውስጥ እውነት ሆኖ ቁጭ ይላል፤ የልጅ ልጅህ ደግሞ በእርግጠኝነት ይምልበታል። ሆኖም አንድ ሰው የመጣበትን አገር ብቻ ተናግሮ የአባቱን ስም የማይናገር ከሆነ፣ ስሟን ባነሡ ቁጥርም ቡናው የሚበርድ ከሆነ፣ ዝም የተባለበት ምክንያት አለ።

የአጎትህን ነገር አሁን ተረዳኸው? «የመሬቱን ጻፍ፣ የእናትህን ቤት ተው» ያለህ ሰው እኮ የዚያችው ሴት የልጅ ልጅ ነው። በድንኳኑ ውስጥ «የማን ነበር?» ብሎ የጠየቀው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ደፋርም ነው። ብቻ ጥያቄው የራሱ ደጃፍ ሲደርስ ያስደነግጣል። አንዲትን ልጅ ገዝቶ ያመጣት ሰው ቢኖር፣ ያ ሰው የአጎትህ አያት ወይም ቅድመ አያት ሳይሆን አይቀርም። እሷም አያቱ ናት። በአንድ ሰው ደም ውስጥ የገዛውም የተሸጠችውም ተኝተዋል። ይህን ይዞ ድንኳን ውስጥ መከራከር ይከብዳል፤ ስለዚህ አትፍረድበት። ደግሞም ፍርሃቱ ባዶ አይደለም። አንተ እንደ ታሪክ የምታየውን ጎረቤት እንደ ስድብ ሊያነሣው ይችላል፤ ሽማግሌ ልኮ የነበረ ቤተሰብ ‹ዘሯ ምንድን ነው?› ብሎ ሲያፈገፍግ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያውም ብዙ ዓመት ያልሞላው ታሪክ ነው። ስለዚህ ይህ ክፍል ከቤት እንዳይወጣ። በስልክ ለማንም አትላክ፣ በቤተሰብ ጉባኤ ላይ አታንብበው፤ እናትህ በሕይወት እያለች የሷ ነው፣ እሷ ያልፈቀደችውንም ቀድደህ ለማውጣት ዝግጁ ሁን።

ለማዳላት እንዳይመስልብኝ አንድ ነገር ልጨምር፦ አክስትህንም ጠይቃት። በአባቷ ቤት ውኃ ይቀዳ የነበረው ማን ነው? እንጨት የሚፈልጠው፣ ከብት የሚጠብቀው፣ የሚፈጨው? «አሽከሮቻችን» ካለችህ የአሽከሮቹን ስም ጠይቃት። ከሸዋ የመጣ ሹም ቤት ባዶ እጁን የሚያገለግል ሰው አልጠፋም፤ ያም ሰው ከአንድ ቦታ የመጣ ነው። ምናልባትም ከጎጀብ ማዶ። እስከማውቀው ድረስ ሁለቱ ወገኖች በዚህ ጉዳይ ላይ ከመሬቱ ይልቅ የሚቀራረብ ዝምታ አላቸው።

በአገራችን ዘር ሲቆጠር አባት፣ የአባት አባት፣ የአባት አባት አባት እየተባለ ነው። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። በየትውልዱ እናትና አባቱን ሁለቱንም ብታስገባ ግን በሰባተኛው ቤት ላይ 128 ሰዎች ተቀምጠው ታገኛለህ። አክስትህና አጎትህ የተጣሉት ከእነዚህ በአንድ በኩል ባሉ ሁለት ሦስት ወንዶች ጉዳይ ነው። የቀሩት ዝም ብለው ይጠብቁሃል፤ ግማሾቹ ሴቶች ናቸው።

ልጅህ «ምንድን ነን?» ላለህ ጥያቄ ብዙ አትጨነቅ። የ12 ዓመት ልጅ ንግግር አይፈልግም። ወረቀት ስጠውና የምታውቁትን ስም ሁሉ፣ ከሸዋ የመጡትንም ከጅሬንም ያሉትን፣ ከላይ ወደ ታች ይጻፍ። የጅማ አባቶች በፈረሶቻቸው ስም ይጠሩ እንደነበር፣ አባ ጅፋር ማለት የፈረሱ የጅፋር አባት ማለት እንደሆነ ንገረው፤ ደስ ይለዋል፣ ፈረስ የማይወድ ልጅ የለም። የፈረሱ ስም ተጽፎ የአኮ ስም ባዶ ቦታ ሆኖ ሲቀር እሱ ራሱ ይጠይቅሃል። ያን ጊዜ «እያፈላለግሁ ነው» በለው፤ እውነት ነውና።

ስለ አክስትህና አጎትህ እርቅ አልጠየቅኸኝም፤ እኔም አልገባበትም። ሽማግሌ አላችሁ።

እናትህን ግን በበዓል ቀን አትጠይቃት። ሰው በተሰበሰበበትም፣ ጎረቤት ለቡና በተጠራበትም አይሆንም። ሦስተኛውን ሲኒ ከቀዱ በኋላ የሚመጣ ጸጥታ አለ፤ እሱም ቢሆን አሁን ለእናንተ አይሠራም፣ ማምለጫ አድርጋዋለችና። እጇ ሥራ ላይ ሳለ ሂድ፤ ቡና ስትለቅም፣ በርበሬ ስትቀነጥስ። አንተም አብረህ ልቀም፣ ዓይኗን አትመልከት። «አኮ ከየት መጣች?» አትበላት፤ እሱን መልሳልሃለች። ምን ታበስል ነበር በላት። ስትናደድ በምን ቋንቋ ትናገር ነበር? እሹሩሩ ስትላችሁ የምታንጎራጉረው ምን ነበር? ቃሉ ባይገባትም ዜማው አይጠፋትም። አንድ ቃል፣ አንድ የምግብ ስም ብታወጣልህ በቂ ነው፤ ከፋ አገር የሚያውቅ ሰው ይፈታልሃል።

ደግሞ ስሟን ጠይቃት። እናትህ የምታውቀው ስም ጅማ ከመጣች በኋላ የወጣላት ሊሆን ይችላል፤ ተገዝቶ የመጣ ሰው ስሙ ይለወጥ ነበር። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ጠይቅ፦ እዚህ ማን ይሏት ነበር፣ እዚያስ ማን ነበረች? ሁለተኛውን ላታውቀው ትችላለች። ካላወቀችው ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ባዶ ተውለት፤ በግምት አትሙላው።

ሐሙስ ከገበያ ስትመለስ ጠብቃት። ስልክህን ኪስህ ውስጥ ተወው።